በበሬው አንገት ላይ የነበረው አሻራ

ታላቅ ወንድሜ ከጭቃ ትንንሽ በሬዎች ይሠራ ነበር። በእሳት ከጠበሳቸው በኋላ ጥቁር ቀለም በብዙ ውሃ አቅጥኖ ይቀባቸዋል። "አትነካካው፤ ቀለሙ ራሱ ስርጉዱን ፈልጎ ይገባል" ይለኝ ነበር።

እሱ ከሞተ በኋላ፣ ሳይቀባው የቀረውን አንድ በሬ እኔ ልጨርስለት አልኩ። ደብረ ማርቆስ ቤታችን ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ቀጭኑን ቀለም ቀባሁት። ቀለሙ አንገቱ ላይ ሲወርድ የወንድሜ የአውራ ጣት አሻራ መስመር በመስመር ወጣ።

"እማ፣ ቶሎ ነይ! ጣቱ እዚህ አለ!" ብዬ ጮኽኩ።

በሬው ግን እሳት አላየም፤ በፀሐይ ብቻ የደረቀ ነበር። ይህን ያወቅሁት አንገቱ መሟሟት ሲጀምር ነው። በጨርቅ ልጥረገው? እፍ ልበለው? ፈራሁ፤ አልነካሁትም። የአሻራው መስመሮች አንድ በአንድ ሲጠፉ አየሁ።

እናቴ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች መጣች።

"የቱ ጋ ነው ልጄ?" አለችኝ።

ጭቃውን አሳየኋት።