ባለ ስምንት እግሯ አይሲ

ልጅ እያለሁ ላጲሴ የማይደርስበት ቦታ አልነበረም። ያ ቀይና ሰማያዊ ላጲስ፣ በሰማያዊው ጎኑ የእስክሪብቶ ጽሑፍ የሚያጠፋው። ደብተሬን፣ ጫማዬን፣ የወንድሜን የጆሮ ጀርባ ሳይቀር እፈገፍግበት ነበር። አባቴ ሲቀላ ገበያ አጠገብ ሬዲዮና ቴፕ ስለሚጠግን፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ማረፊያዬ ጠባቧ ሱቁ ነበረች። ውስጧ ለብየዳ የቀለጠ እርሳስ፣ ደጇ ከላንቴ የመጣ ሙዝ ይሸታል።

ከሚሊኒየሙ በፊት ነው። በየሠርጉ ጊታር የሚጫወተው ጋሽ ታደለ አንድ ቢጫ ፔዳል ይዞ መጣ። በእግር ሲረገጥ የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክር፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ ዕቃ ነው። ገረሴ ከተማ ሄዶ ለሚጫወትበት ሠርግ አሥር ቀን ቀርቶታል። አባቴ ፈታትቶ የሞተችውን አይሲ፣ ድምፁን የምታጎላ ባለ ስምንት የብረት እግር ጥቁር ቁራጭ፣ ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። ፋብሪካው እሷን መሥራት ካቆመ ቆይቷል፤ ጀርባዋ ላይ ያለው ቁጥር ካልታወቀ ምትኳ አይገኝም። ቁጥሩ ስለደበዘዘበት አጉሊ መነጽር ሊዋስ ወጣ።

እኔ ደግሞ ላግዘው ብዬ ተነሳሁ። አቧራ መስሎኝ በሰማያዊው ጎን እስክታብለጨልጭ ድረስ ፈገፈግኳት። ቁጥሩም አብሮ ሄደ።

አባቴ ሲመለስ አይሲዋን ወደ ብርሃን አዘንብሎ አያት፤ ተነፈሰባት፣ ደግሞ አያት። መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። እኔ ላጲሴን ኪሴ ከተትኩት።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ታደለ መጣና ቁጥር የሌላትን አይሲ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ጠጋኝ ሁሉ ደህናውን አውጥቶ የተበላሸ ይከታል ተብሎ ይታማ ስለነበር፣ ምን እንዳሰበ ለእኔም ገባኝ።

«ዘለቀ፣ ይቺ የእኔዋ ናት?» አለው።

«ያንተው ናት። በቤንዚን ሳጸዳት ነው ቁጥሩ የጠፋብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ አባቴ።

አባቴ የምሩን ቤንዚኑ ያጠፋው መስሎት ነው ብዬ አመንኩ። ልናገር አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። በጣም ፈርቼ ነበር።

ከዚያ አባቴ ሰሞኑን ሁሉ አንገቱን እንደደፋ ዋለ። የባትሪው ኃይል የትኛው እግር ላይ እንደሚደርስ ይለካል፤ ድምፁ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በደብተሬ ጀርባ ይስላል። ጥግ የተከመሩትን የሞቱ ቴፖች አንድ በአንድ ፈታ። በመጨረሻ ከሥዕሉ ጋር የምትገጥም ባለ ስምንት እግር ከአንዱ አገኘ። ጋሽ ታደለ ገረሴ ሄዶ ተጫወተ። እንደ ድሮው ከአባቴ ጋር ሱቃችን ደጅ ተቀምጦ ማውራቱን ግን ተወ።

ዛሬ ሱቁን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ አባቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። አሁን ቁጥሩ እስካለ ድረስ ስልኬ ላይ ጽፌ ምትኩን በደቂቃ አገኛለሁ፤ የደብተር ጀርባ ላይ የሚስል የለም። ባለፈው ወር የጋሽ ታደለ ልጅ ያንኑ ቢጫ ፔዳል አመጣልኝ። አባቴ የነቀለውን ዕቃ፣ ቀጣዩ ጠጋኝ እንዲያየው፣ ሽፋኑ ውስጥ በፕላስተር የመለጠፍ ልማድ ነበረው። ፕላስተሩን ላጥኩት። አይሲዋ እዚያው ነበረች። በእግሮቿ መካከል ሰማያዊ የላጲስ ፍርፋሪ ተሰግስጓል።

አባቴ ያንን ሳያይ አይለጥፋትም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቅ ነበር።

ፔዳሉን ጠግኜ ለልጁ ስሰጠው ሒሳብ አልተቀበልኩም። የምነግረው አለኝና አባቱን ይዞልኝ እንዲመጣ ብቻ ለመንኩት። ደጁ ላይ ወንበር አውጥቻለሁ።