መስከረም ላይ የሚወልድ የጠፋበት ዓመት

ባለፈው ማክሰኞ ሜሮን የምትባል አብራኝ የምትሠራ ወጣት ላፕቶፗን በክንዷ ይዛ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። "ጋሽ ደረጀ፣ መቶ በመቶ!" አለችኝና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ነው።

ሥራችንን ለማታውቁት ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ፕሮግራም ስንጽፍ እሱን የሚፈትሹ ትንንሽ ፕሮግራሞችም አብረን እንጽፋለን። ፍተሻው ሲካሄድ ሌላ መሣሪያ ደግሞ ዳር ሆኖ ይመዘግባል፤ ፍተሻው ያለፈበትን የፕሮግራሙን መስመር አረንጓዴ፣ ያላለፈበትን ቀይ ያደርገዋል፣ በመጨረሻም ከመቶ ስንቱ እንደተዳረሰ በሪፖርት ይነግረናል። ለሜሮን "ጎበዝ" አልኳት። እሷ ስትሄድ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። የቦንጋ ጉም ኮረብታውን ሸፍኖ ባጃጆቹ መብራት አብርተው ይወጡ ይወርዱ ነበር። ልቤ ግን ሌላ ክረምት ውስጥ ገባ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ እዚሁ ቦንጋ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ ፕሮግራም እንድሠራለት ወሰደኝ። በግቢው ውስጥ የእናቶች ማቆያ የሚሉት ቤት ነበር፤ ከሩቅ ቀበሌ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ምጥ ሳይዛቸው ሁለት ሳምንት ቀድመው ገብተው የሚጠብቁበት። በር ላይ ተቀምጠው ፀጉር ይሠራራሉ፣ ጎደሬ ይልጣሉ፣ በከፋ ቋንቋ ቀስ ብለው ያወጋሉ። የዚያን ቤት ድምፅ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። የእኔ ፕሮግራም የመውለጃቸውን ቀን አስልቶ፣ መቼ መምጣት እንዳለባቸው በካርድ ላይ ያትማል።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። የመጨረሻው የወር አበባ ከታየበት ቀን ዘጠኝ ወር ከዐሥር ቀን ይቆጠራል፤ በመሃል ጳጉሜን ካለች የእሷ አምስት ቀን ይቀነሳል። አዋላጆች ይህን በጣታቸው ይሠሩታል። እኔ ግን ጳጉሜንን እንደ ሌላው ወር አይቼ፣ በመቀነስ ፈንታ ሠላሳ ቀን ጨመርኩባት።

ሥራውን ለማስረከብ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ሪፖርቱ ላይ የጳጉሜን መስመሮች ብቻ ቀይ ሆነው ቀሩ። መልሱ ስንት መሆን እንዳለበት ዋናዋን አዋላጅ ሲስተር ወርቄን መጠየቅ ነበረብኝ። ከግቢው ማዶ ነበሩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ፊቴ ትኩስ የተቀቀለ በቆሎ አለ፣ እግሬም ሞቆታል። ሰነፍኩ። በመስመሮቹ ላይ የሚያልፍ፣ የሚመጣውን መልስ ግን ዞር ብሎ የማያይ ፍተሻ ጻፍኩ። ቀዩ በአንድ አፍታ አረንጓዴ ሆነ። አትሜ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት፤ የሚገባ የሚወጣው ሁሉ እያየ አመሰገነኝ፣ እኔም ደስ አለኝ።

ወራት አለፉ። ጳጉሜን አንድ ቀን ጠዋት ሲስተር ወርቄ መስከረም ላይ የሚወልዱ እናቶችን ዝርዝር ይዘው መጡ። ወረቀቱ ባዶ ነበር።

"ደረጀ፣ በዚህ አገር መስከረም ላይ የሚወልድ ጠፋ እንዴ?" አሉኝ።

"ፕሮግራሙ ተፈትሿል እኮ ሲስተር።"

መነጽራቸውን አወለቁ። አንድ የካርድ ቅጂ አንስተው በጣታቸው ቆጠሩ። "አልማዝ። ታኅሣሥ ሦስት። ዘጠኝ ወር፣ ጳጉሜን ተቀንሳ አምስት ቀን። መስከረም ስምንት ነው። ያንተ ጥቅምት ዐሥራ ሦስት ይላል።" ካርዱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። "ይህቺ ልጅ እኮ ሁለት ልጆቿን ምጥ ይዟት ሲያመጧት ቃሬዛ ላይ ነው ያጣችው። አሁን እዚህ መሆን ነበረባት።"

ሌሎቹን ሴቶች በስልክ አገኘናቸው። የአልማዝ ቀበሌ ከቢታ ገነት ወዲያ ነው፤ ኔትወርክ የለም። በጤና ጣቢያው መኪና ተነሣን። ሺሺንዳ ከተማ ላይ ሾፌሩ ዳቦና ሙዝ ገዛልን፤ የእኔን ለእሱ ተውኩለት። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በሕልሜ ያየሁት ይመስለኛል። ደኑ በሁለት ወገን ተገጣጥሞ መኪናው በአረንጓዴ ጨለማ ውስጥ ይሄዳል፣ ረጃጅም ዛፎች ላይ የተሰቀሉ ቀፎዎች በጉሙ ውስጥ ብቅ ብለው ይጠፋሉ፣ ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። ጭቃ ሲይዘን ወርጄ እገፋለሁ። በሆዴ ብቻ "አደራህን" እላለሁ፤ ማንን እንደምለው ግን አላውቅም።

አልማዝ ደጃፏ ላይ፣ የእንሰት ቅጠል ይዛ ቆማ አገኘናት። ሆዷ ወርዷል። ሲስተር ወርቄ ዳሰስ አደረጓትና ፊታቸው ተለወጠ።

"ወገብሽን አላመመሽም?" አሏት።

"አመመኝ" አለች አልማዝ። "ወገቤ ደርሷል ይለኛል። ወረቀቱ ጥቅምት ይላል። የተማረ ሰው የጻፈው ነው፤ ወገቤን ዝም በል አልኩት።"

ካርዷን በፕላስቲክ ጠቅልላ ከጉያዋ አወጣች። ያን ጊዜ መሬት ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

"ማሽን ነው የተሳሳተው" አሏት ሲስተር ወርቄ፣ እኔን ሳያዩ። ክፋት አልነበራቸውም፤ ሊያሳፍሩኝ አልፈለጉም። አልማዝ የማሽኑ ሰው እኔ መሆኔ ገብቷት ወደ እኔ ዞር ብላ "አይዞህ፣ ማሽንም ይታመማል" አለችኝ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ሳልነግራት ዕቃዋን ተሸክሜ ወደ መኪናው ሄድኩ።

ቦንጋ በገባች በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ወለደች። ሕፃኗ በመቀመጫዋ ነበር የመጣችው። ሲስተር ወርቄ እጃቸውን እየታጠቡ፣ "ቤቷ ቢሆን ሁለቱንም አናገኛቸውም ነበር" አሉኝ። ወጥቼ ከማቆያው ጀርባ አለቀስኩ። ከዚያ ገብቼ የሪፖርቱን ወረቀት ከግድግዳው ላይ ቀደድኩት።

ብዙ ዓመት ሆነ። ሲስተር ወርቄ ጡረታ ወጥተዋል። ለሜሮን ይህን ሁሉ አልነገርኳትም፤ ከእያንዳንዱ ፍተሻ ጎን የምትጠብቀውን መልስ፣ ማንን ጠይቃ እንዳገኘችውም እንድትጽፍልኝ ብቻ ለመንኳት። በቅሬታ አየችኝ። አልፈርድባትም፤ በሷ ዕድሜ አረንጓዴ ቀለም በጣም ያምራል።

አልማዝ አንዳንድ ቅዳሜ ማር ይዛ ቦንጋ ገበያ ትመጣለች። በሩቅ ስታየኝ ትስቃለች። "ያ ማሽንህ ተሻለው?" ትለኛለች። እኔም "ተሽሎታል፣ እግዚአብሔር ይመስገን" እላታለሁ፣ ማሩንም ሳልከራከር እገዛለሁ። ይኸው እስከ ዛሬ እንደዚያው ነን። ማሽኑ ግን አንድ ቀንም ታሞ አያውቅም።