የእህቴ ፍሊፐርና የቀበሌው ፍሊፐር

ታላቅ እህቴ በክፍለ ሀገር ከተማችን ፒያሳ ሻይ ቤት ነበራት። ጴንጤ ስለሆነች መጠጥ አትሸጥም፤ ደንበኛ የሚያመጣላት ሻይዋና ፍሊፐሯ ነበር። ፍሊፐሩን ሟች ባሏ ነው ቡና ቤቱን ዘግቶ አገሩ ከሚገባ ጣሊያን ላይ የገዛላት። አራት እግር ያለው፣ ላዩ መስታወት የሆነ ትልቅ የእንጨት ሣጥን ነው። ዘንጉን ስበህ ስትለቀው የብረቷ ኳስ ተወርውራ ትወጣለች፤ ተንከባላ ስትመለስ በግራና በቀኝ ያሉትን ቁልፎች እየተጫንክ በሁለት መቅዘፊያ መልሰህ ትመታታለህ። ጨዋታው ይኸው ነው።

እኔ እዚያው ሰፈር ሬዲዮ ጠጋኝ ስለነበርኩ ፍሊፐሩ ሲታመም የማክመው እኔ ነኝ። ሆዱ ሲከፈት ሁሉም ነገር በዓይን ይታያል፤ ሽቦው፣ ሞላው፣ ድምፅ የሚሰጡት የብረት ደወሎች። ኤሌክትሪኩን የሚያቀባብለው ንክኪ ሲጠቁር በብርጭቆ ወረቀት አሸት ታደርገዋለህ፣ አለቀ። ለማንሳት አራት ሰው ይፈልጋል። ኳሷ ስትመታ ምቱ በእንጨቱ አልፎ ክንድህ ድረስ ይሰማሃል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር ጠመንጃ ያነገቱ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ ሻይ ቤቱ ገባ። ከእኔ ያነሰ ልጅ ነው። ሥልጣን ሳይዝ በፊት ማታ ማታ እዚያው ፍሊፐር ላይ ተጎንብሶ የሚያመሽ ነበር።

«ይሄ የኢምፔሪያሊስት ቁማር ነው፤ ይወረሳል» አለ።

«ቁማር አይደለም ልጄ፤ አንተስ ስትጫወትበት አልነበር?» አለችው እህቴ።

«አንቺ ሴትዮ፣ አፍሽን ሰብስቢ! ቤትሽ ውስጥ ተሰብስባችሁ የምትጸልዩትን የማናውቅ መሰለሽ?»

እህቴ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ከፍሊፐሩ ፈቀቅ አለች። በእናቱ ዕድሜ ያለችን ሴት ሰው ፊት «አንቺ» ሲላት አጠገቧ ቆሜ ነበር። ግን ዝም አልኩ። ያ ዝምታዬ ነው ለረጅም ጊዜ እንቅልፍ የነሳኝ።

በሳምንቱ «የኢምፔሪያሊስት ቁማር» የተባለው ፍሊፐር ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ሊቀመንበሩ ሲጫወትበት አየሁት። ሲበላሽ እኔኑ ያስጠሩኛል፤ ፈርቼ እሄድና እጠግናለሁ። ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ከአዲስ አበባ አዲስ ፍሊፐር በመኪና መጣና የእህቴን ከቀበሌው መጋዘን ጀርባ፣ ዝናብ ላይ ጣሉት።

«የእንጨቱ ዘመን አለፈ» አለኝ ሊቀመንበሩ፣ አዲሱን እንድገጥም አስጠርቶኝ። «ይሄ ኤሌክትሮኒክ ነው።»

እውነቱን ልናገር፣ ሲታይ ያምራል። ነጥቡ በቀይ መብራት ይጻፋል፤ ኳሷም ከአሮጌው ይልቅ ትፈጥናለች። ነገር ግን ጎኑ ችፑድ ነው፤ ሁለት ሰው አንጠልጥሎት ይሄዳል። ደወል የለውም፤ ከትንሽ ድምፅ ማጉያ እንደ ጫጩት ይንጫጫል። ኳሷ ስትመታ እጅህ ላይ ምንም አይሰማህም፤ ሌላ ሰው ሲጫወት ቆመህ የምታይ ነው የሚመስልህ።

ጀርባውን ስከፍት አረንጓዴ ካርድ አገኘሁ። ካርዱ ላይ የጨዋታውን ነጥብ እንዳይረሳ የሚያደርጉ ሦስት ትንንሽ ባትሪ ድንጋዮች ተበይደዋል። አዲስ ቢባልም ከሥራቸው ነጭ ዱቄት ወጥቷል። ከባትሪዎቹ ያፈተለከ ኬሚካል ነው። ቀስ እያለ ሄዶ የካርዱን የመዳብ መስመሮች ይበላቸዋል። ባትሪዎቹን ነቅሎ ካርዱን ማጽዳት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር።

«እንዴት ነው?» አለኝ ከበላዬ ቆሞ።

«በጣም ጤነኛ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልኩና ቡሎኑን አጠበቅሁ።

ከዚያ በኋላ ሳልጠራ መሄድ ጀመርኩ። ለቁጥጥር ነው እያልኩ እከፍተዋለሁ። ዱቄቱ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይራመዳል። ክረምቱ ሲገባ አረንጓዴ ሆነ። እኔ ደግሞ ቡቃያውን እንደሚጎበኝ ገበሬ ደስ እያለኝ እመለሳለሁ። መጀመሪያ የሊቀመንበሩ ትልቁ ነጥብ ጠፋ። ቀጥሎ ነጥቡ ራሱ ያለ ሥርዓት ይዘል ጀመር።

በመጨረሻ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች መጡ። ሊቀመንበሩ ስብሰባው እንዳለቀ አዳራሹን ሊያስጎበኛቸው ወሰዳቸው። ፍሊፐሩን ሲያበራው መብራቱ ሁሉ ቦግ ብሎ ቀጥ አለ፤ ከሆዱም የተቃጠለ ሽታ ወጣ። እኔ ተጠርቼ ስደርስ አንደኛው እንግዳ አፍንጫውን ይዞ «ዘመናዊው ይሄ ነው?» እያለ ይስቅ ነበር።

ካርዱን አውጥቼ አየሁት። ሦስት ቀጭን ሽቦ ብበይድለት ይነሳል።

«ሞቷል፤ ካርድ ከውጭ ካልመጣ አይነሳም» አልኩ።

ሊቀመንበሩ ጎትቶ ወደ ጥግ ወሰደኝ። «አሻጥር ከሆነ አለቀልህ።»

ካርዱን ዓይኑ ሥር አቀረብኩለት። «ይኸው ይመልከቱት፣ ራሱን በራሱ ነው የበላው። ምናልባት መጋዘኑ ጀርባ ከወደቀው አሮጌ ፍሊፐር ውስጥ የሚሆን ዕቃ ካለ፣ ቤት ወስጄው ልሞክር።»

እንግዶቹ ይጠብቁታል። የዕቃ ማውጫ ማሳለፊያ ወረቀት ጽፎ ማህተም መታበት። በዚያው ቀን የእህቴን ፍሊፐር ጋሪ ላይ ጭኜ ወጣሁ። ለአዲሱ «የሚሆን ዕቃ» ግን እስከ መጨረሻው አልተገኘለትም።

አሮጌው አንድ እግሩ አብጦ፣ መስታወቱ ተሰንጥቆ ነበር። ደረቀ፣ ተጣበቀ፣ ንክኪዎቹ ታሹ፤ ተነሳ። ሊቀመንበሩ ከሥልጣኑ እስኪወርድ ድረስ በእህቴ ጓዳ ውስጥ አንሶላ ለብሶ ቆየ። ሰውዬው በወረደ በጥቂት ወሩ ፍሊፐሩ ወደ ሻይ ቤቱ ተመለሰ።

አንድ ቅዳሜ የቀድሞው ሊቀመንበርም መጣ፣ ብቻውን። ከስቷል።

«እርስዎ ካልከፋዎት አንድ ጊዜ ልጫወት?» አላት።

«ተጫወት ልጄ» አለችው።

ዘንጉን ስቦ ለቀቀ። ኳሷ ወጣች፣ ደወሉ ጮኸ፤ ፊቱ ሲፈታ አየሁ። አላስቻለኝም። ከጀርባ ጎንበስ ብዬ ሶኬቱን ነቀልኩት።

«መብራት ጠፋ» አልኩት።

ከራሳችን በላይ የበራውን አምፖል ቀና ብሎ አየ። ቀጥሎ እኔን አየ። ስለ ካርዱም ያን ጊዜ የገባው ይመስለኛል። እጁን ከቁልፎቹ አንስቶ ወጣ።

«አንተ! በቀል የጌታ ነው፣ አይደለም እንዴ?» አለችኝ እህቴ ተቆጥታ።

«ይሁን፤ ጌታም የራሱን ድርሻ ይውሰድ» አልኳት።

ራሷ ተንበርክካ ሶኬቱን ሰካችው፤ ልትጠራውም በር ድረስ ወጣች። ሰውዬው ግን መንገዱን ተሻግሮ ነበር። ሁለት ቀን አላነጋገረችኝም። እኔ ግን ያን ቀን ሥራዬን እያፏጨሁ ስሠራ ዋልኩ፤ እስከ ዛሬም አላፈርኩበትም።