ያልነደደው ቤት

ባለፈው ሳምንት ከማታ ክፍል ጓደኞቼ ጋር አዲስ አበባ ያለ አንድ የእሳት አደጋ ጣቢያ ልናይ ሄድን። የጣቢያው መኮንን የሥራ ክፍፍሉን አስረዱን፦ ጥሪ ተቀባዩ፣ ሹፌሩ፣ ቱቦ ያዡ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቱ ቤት እንደሚድን የሚወስነው አዛዥ። ካልደረቀው ቱቦ የሚመጣው የእርጥብ አመድ ሽታ ግን ልቤን ሐይቅ ወደምትባለው የልጅነቴ መንደር ወሰደው።

የእኛ አዛዥ አያ ሰይድ ነበሩ፤ ጎረቤታችን። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከእኛ በላይ ያለው ጎጆ በእሳት ተያያዘ። ሴቶቹ ከሐይቁ ውሃ ያመላልሳሉ፣ ወንዶቹ በእርጥብ ቅጠል ይደበድቡታል። አያ ሰይድ ነፋሱን አዩና በከዘራቸው ወደ ቤታችን ጠቆሙ።

"የዚህን ክዳን አውርዱት!"

"ኧረ አያ ሰይድ! የኔ መች ነደደና?" አለች እናቴ፣ በሩ ላይ ቆማ።

"የነደደውማ የእሳቱ ነው፣ እቴ። እኛ የምናዝበት ያልነደደው ነው።"

ጎረምሶቹ ጣራው ላይ ወጡ። ሣሩ በፀሐዩ ወርቅ መስሎ ሲንሳፈፍ፣ አመዱ በሐይቁ ላይ ቀስ ብሎ ሲያርፍ፣ ማልቀሴን ትቼ አየሁ። እሳቱ እኛ ዘንድ ሲደርስ የሚበላው ሣር አጥቶ ቆመ። ከእኛ ቀጥሎ ያለው ቤት ተረፈ።

የአያ ሰይድ ቤት ነበር።

በማግስቱ አዲስ ሣር አሸክመው መጡ። እናቴ "እግዜር ይስጥልኝ" አለቻቸው፤ ሌላ ነገር ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልጠየቀቻቸውም።

"ጥያቄ ያለው አለ?" አሉ የጣቢያው መኮንን።

እጄን አነሳሁ። "ቀጥሎ ያለው ቤት የራስዎ ቢሆንስ?"

ጓደኞቼ ሳቁ። መኮንኑ ግን አልሳቁም።