ሹፌር ለሰባት ቀን ተሳፋሪ ይሆናል ወይ?

ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሌላው አካሉ ሁሉ አብሮት ጡረታ ወጥቷል፤ ቀኝ እግሩ ብቻ እምቢ ብሎ እስካሁን ሥራ ላይ ነው። ሌላ ሰው በሚነዳው መኪና ውስጥ በተቀመጠ ቁጥር ያ እግር ማንም ሳያዘው ወለሉን ይረግጣል። አንድ ቀን የልጁ ባል ገበያ አድርሶት ሲመለስ «የመኪናዬን ምንጣፍ በሳው» ብሎ ለቤተሰቡ ሁሉ አወራ፤ ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ስሙ «ጋሽ ፍሬን» ሆኖ ቀረ።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ዕድሜዋን የጨረሰችው ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ከሥራ በተሰናበተች በወሩ፣ ከአንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ባለቀለም ወረቀት ይዛ መጣች። የወንዝ ላይ የመርከብ ጉዞ፣ ሰባት ቀን፣ በየቀኑ አንድ ከተማ። ሻንጣ የሚፈታው አንዴ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከተማው ራሱ ወደ አንተ ይመጣል። ወረቀቱ አናት ላይ በትልቁ «ማረፍ ይፈልጋሉ?» ይላል።

ጋሽ ፍሬን መነጽሩን አድርጎ አነበበና «ጡረታ ወጣሁ እንጂ ለማረፍ እንኳ ገና ነኝ» አለ።

በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ ሆዷን ትይዝ ነበር። አልሳቀችም። ነገሩ የምር መሆኑ የገባው ያኔ ነው።

ከወረቀቱ ጀርባ፣ ጉዞው ለእርስዎ ይሆን እንደሆነ ይወቁ የሚል ጽሑፍና ስድስት ጥያቄዎች አሉ። አምስቱ ላይ ራይት አድርጋለች። ጠባብ ክፍል አይከብድዎትም? ሦስት ልጅ በሁለት ክፍል ላሳደገች ሴት ይህም ጥያቄ ሆኖ! ከማያውቁት ሰው ጋር መመገብስ? የፋብሪካ ካፍቴሪያ ያሳለፈ ሰው ከማንም ጋር ይበላል። ባዶ የቀረው አራተኛው ነው፦ «ሌላ ሰው እየነዳ እርስዎ ቁጭ ብለው ማየት ይችላሉ?»

ይሄ ያንተ ነው አለችው። እስከ ዓርብ እንዲነግራት፣ አይሆንልኝም ካለ ከእህቷ ጋር እንደምትሄድ ጨምራ ነገረችው። አኩርፋ ብትናገረው ይሻለው ነበር፤ እሷ ግን የነገ አየር ሁኔታ የምትነግረው ይመስል ረጋ ብላ ነው የተናገረችው።

እሱም ሰው አይዋሽም፣ በተለይ ራሱን። ረቡዕ ጠዋት እግሩን ሊፈትን የራሱ የድሮ መስመር ሰባት ቁጥር ላይ ተሳፈረና መሐል ላይ መስኮት ጥግ ተቀመጠ። ወጣቱ ሹፌር አወቀው።

«ጋሼ፣ ሊቆጣጠሩኝ ነው?»

«ተሳፋሪ ነኝ፣ ዝም ብለህ ንዳ።»

ሁለት ፌርማታ በሰላም አለፈ። ሦስተኛው ላይ እግሩ ሥራ ጀመረ። አደባባዩ ጋ ሲደርሱ ወለሉን በኃይል ቢረግጠው ፊቱ የተቀመጠችው ሴትዮ ደንግጣ ዞረች። ሹፌሩ በመስታወት እያየው፣ ባለሁለት ፍሬን አውቶቡስ ገና አልመጣልንም ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀበት። አብሮ ሳቀ፤ ጀርባው ግን በላብ ርሷል። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ወረደ።

ቤት ሲገባ ሚስቱ የስፌት መኪናዋ ላይ ሱሪ እያሳጠረች ነው። ሳይቀመጥ ተናገረ።

«ወድቄያለሁ። አብሬሽ ብመጣ ሰባት ቀን ሙሉ መርከቡን ሳቆም ነው የምከርመው። ከእህትሽ ጋር ሂጂ።»

እግሯን ከመኪናው ፔዳል ላይ አነሳች።

«ፋብሪካ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ ባንተ አውቶቡስ ነው የሄድኩት። ሁልጊዜ ካንተ ኋላ ያለው ወንበር ላይ። አንድ ነገር በመስኮት አይና ላሳይህ ስል፣ ከፊቴ ‹ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው› የሚል ተለጥፏል። ይኸው በዚያ ሁሉ ዓመት ያየሁት ማጅራትህን ነው። ወንዙ ምን ሊያደርግልኝ? ጎኔ ተቀምጠህ ‹እየው› ስልህ ዞር ብለህ እንድታይልኝ ነው።»

ያ ማስታወቂያ ከአናቱ በላይ ተለጥፎ ሲኖር፣ ለሚስቱም ጭምር የተጻፈ መሆኑን አንድ ቀን አላሰበውም።

«እግሬስ?» አለ።

«ይርገጥ። ወለሉ የኛ አይደል።»

ዓርብን አልጠበቀም። ሐሙስ ጠዋት ቢሮው እንደተከፈተ ደውሎ ሁለት ሰው አስመዘገበ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ የትኛውን ክፍል እንደሚፈልጉ ጠየቀችው። የመርከቡ መሪ ያለው ከፊት ነው ከኋላ ብሎ መልሶ ጠየቃት። ወረቀቷን አገላብጣ ከፊት፣ ከላይ መሆኑን ነገረችው።

«እንግዲያው የኛን ከኋላ፣ ከታች አድርጊልን የኔ ልጅ። ነጂውን እንዳላየው።»

ልጅቷ እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው እንደሌለ ነገረችው፤ ግን ጻፈችለት።