አባቴ ፊቱን አላጠቆረም

አሶሳ ውስጥ ፎቶ ቤት አለኝ። የምተዳደረው ግን ሰው ደጅ አቁሜ በማንሳት ነው፤ ሙሽራ፣ ተመራቂ፣ አዲስ ሞተር የገዛ ሰው። ስለዚህ የገዛ አባቴን አንድ ፎቶ ማንሳት ያቅተኛል ብዬ አላሰብሁም ነበር።

ፎቶውን የጠየቁት ላገባት የምፈልጋት ልጅ እናት ናቸው። ቤተሰቦቿ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው ባምባሲ አጠገብ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው፤ እኛ በርታዎች ነን። ሁላችንም ሙስሊሞች ስለሆንን በሃይማኖት በኩል የሚነሳ ነገር አልተገኘም፤ እናትየው ሌላ ነገር መፈለግ ነበረባቸው። «የአባቱን ፊት ሳላይ ሽማግሌ አልቀበልም» አሉ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው መኪና ላይ አይወጡም። አባቴ ደግሞ ሳይጠራ የሰው ደጅ አይረግጥም። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲያውም በኩርሙክ መንገድ ካለው ግቢያችን መውጣቱን ትቶታል። እህቶቼ አግብተው ሄደዋል፤ ከእሱ ጋር የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ካሜራ ስለ ዓለም ያለው አመለካከት ጠባብ ነው። ያየውን ሁሉ የአህያ ቀለም ሊያደርገው ይፈልጋል። ነጭ ሲበዛበት ብርሃን በዛ ብሎ ያጨልማል፣ ጥቁር ሲበዛበት ያነጣል። አባቴ በቀትር ፀሐይ ነጭ ጀላቢያ ለብሶ፣ ነጭ ጥምጥም ጠምጥሞ ቆመ። ጥላ ውስጥ እንዲገባ ብለምነው «ጥላ ውስጥ የሚቆም ሰው የሚሸሸው ሰው አለ» አለኝ። ካሜራው ጀላቢያውን አየና ደነገጠ። የጀላቢያው ስፌት አንድ በአንድ ይታያል። ከጥምጥሙ በታች ግን ፊት መኖሩን የምናውቀው በልማድ ነው። አባቴ ጀላቢያው አምሯል ብሎ ስለወደደው በስልክ ላክሁት።

መልሱ በድምፅ መጣ። አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ ሳለ ከፈትሁት።

«አየኋቸው» አሉ እናትየው። «ፊታቸውን እንዲህ አጥቁረው የላኩት ካልፈለጉን ነው። ታዲያ በግድ ነው እንዴ?»

ፊቱን አጠቆረ ማለት አኮረፈ ማለት እንደሆነ እኔ ትምህርት ቤት ተምሬያለሁ። የአባቴ አማርኛ የገበያ አማርኛ ነው፤ ገበያ ውስጥ ጥቁር ማለት ጥቁር ነው። ስልኩን ከእጄ ወስዶ ወደ አፉ አስጠጋው።

«ፊት እኔ አልቀባም። አላህ ነው የሰራ። እሷ ነጭ ሰው ይፈልጋል? ይፈልግ።»

ይህን ድምፅ አልላክሁትም። አባቴ ለእኔ ደግሞ ሌላ ልጅ እንድፈልግ በቋንቋችን ነገረኝ። ለአባቴ ሴትየዋ ስለ ኩርፊያ እንጂ ስለ ቆዳ እንዳላወሩ፣ ለሴትየዋ ደግሞ ያጠቆረው ፀሐዩ እንደሆነ አስረዳሁ። ሁለቱም አላመኑኝም። ማስረዳቱን ትቼ ካሜራዬን አነሳሁ።

በሁለተኛው ፎቶ ብርሃኑን ጨመርሁ። ፊቱ ቁልጭ ብሎ ወጣ፤ ጀላቢያው ግን ከሰማዩ ጋር ተቀላቅሎ ጠፋ። አንድ ጭንቅላት ደመና ላይ ተቀምጧል። አባቴ ስልኩን አራቀው፣ አቀረበው።

«ሞቼ ነው?» አለ።

ይህንንም አልላክሁትም። ልጅቷ ስትደውል ድምፅዋ እየቀዘቀዘ መጣ። እናቷ የሌላ ሰው ሽማግሌዎች ሊቀበሉ ነው የሚል ወሬም ሰማሁ። ፈራሁ፤ ምግብ አልበላ አለኝ። አባቴ ሳህኔን አየ። በማግስቱ፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል፣ ራሱ ሄዶ ማንጎው ሥር ተቀመጠ።

«አንሳ» አለ።

ጥላው ዳር ላይ፣ ፊቱ ወደ ሜዳው እንዲዞር አደረግሁ። ብርሃን ከታች ወደ ፊቱ እንዲመልስልኝ ነጭ አንሶላ እግሩ ሥር አነጠፍሁ። «ባለፈው ገነት ላክኸኝ፣ ዛሬ ከፈን አመጣህ» አለ። ጀላቢያውን ተውሁትና ተጠግቼ ብርሃኑን ከጉንጩ ላይ ለካሁ። ዝም ብሎ እንዳይሰለቸው ወሬ አመጣሁ፤ ነገሩ ከተሳካ፣ ከልጅቷ ጋር እንደተስማማነው፣ ባምባሲ ቤት እንደምንከራይ፣ ፎቶ ቤቱንም ወደዚያ እንደማዛውር ነገርሁት። ዓይኑን ከሜዳው ላይ አልነቀለም። ዝም ያለ ሰው ለፎቶ ይመቻል። አነሳሁት።

ጥሩ ፎቶ ነበር። የጀላቢያው እጥፋት አለ፣ ጥምጥሙ አለ፣ የፊቱ ጥቁረት የራሱ የአባቴ ጥቁረት ነው። ደስ እያለኝ ላክሁት።

የእናትየው ድምፅ ሲመጣ ብቻዬን ነበርሁ።

«ይኸው አሁን አየኋቸው። ለካ አላኮረፉም፣ አዝነው ነው። ልጃቸው ወደኛ ሊመጣባቸው ነዋ። ልጅ ሲሄድ እንዲህ የሚያዝን ሰው የእኔንም ልጅ አይጥላትም፤ ሽማግሌ ይላኩ።» ቀጥለውም ጠየቁ። «ለመሆኑ ግን እሳቸው ከማን ጋር ነው የሚቀሩት?»

ፎቶውን እንደገና ከፍቼ ዓይኖቹን አጎላኋቸው። እርጥብ ናቸው። ሜዳው ይታይባቸዋል፣ ካሜራ ይዤ የቆምሁት እኔም እታያለሁ። በዚህኛው ፀሐዩን ማመካኘት አልቻልሁም። ብርሃኑ ልክ ነበር።