ማነው የሚወጋሽ?

ፒያሳ ውስጥ «ወገቤን አመመኝ» ማለት የቀበሌ ስብሰባ መጥራት ነው፤ አስተያየት የሌለው ሰው የለም። ልጄን ከወለድኩ ወዲህ የያዘኝ ሕመም አልለቅ ብሎኝ ስለነበር አስተያየቱን ሁሉ በየተራ ሞክሬዋለሁ። አማቴ፣ በአራስነቴ ወገቤን በመቀነት ጠበቅ አድርጌ ስላላሰርኩ ብርድ ገብቶብኝ ነው አሉ። ብርዱን ለማስወጣት ምን ቢያዙ ጥሩ ነው? በማለዳ ጠበል። ያ በረዶ የመሰለ ውኃ ጀርባዬ ላይ ሲወርድ፣ ውስጤ ያለው ብርድ ዘመድ የመጣለት ነው የመሰለኝ።

ቀጥሎ አትክልት ተራ ጀርባ ወዳሉ አንድ ሽማግሌ ወጌሻ ሄድኩ። ደንበኞቻቸው ድንችና ጎመን የሚሸከሙት ሰዎች ናቸው። ድሮ ኩሊ ይባሉ የነበሩትን አብዮቱ ወዛደር ብሏቸዋል፤ ወገባቸው ግን ሹመቱን ገና አልሰማም። ወጌሻው በቅቤ ሲያሹኝ «ኧረ አባባ፣ ቀስ» ብላቸው፣ «ኩንታል የሚሸከሙት እንኳ እንዳንቺ አይጮሁም» አሉኝ። ለጥቂት ቀን ቀለል አለኝ፤ ከዚያ ቢሮ ገብቼ የጽሕፈት መኪናዬ ፊት ስቀመጥ ሕመሙ ተመልሶ መጣ።

ለቢሮው ግድ አልነበረኝም፤ የመንግሥት ደብዳቤ ጎብጦም ይጻፋል። ያንገበገበኝ የልጄ ነገር ነው። አፏን ገና አልፈታችም። ከሥራ ስገባ ግን አንቀልባዋን መሬት ለመሬት እየጎተተች ታመጣና እግሬ ሥር ጥላ ቀና ብላ ታየኛለች። ቸርችልን ሽቅብ ልጅ አዝለው የሚወጡ ሴቶችን ሳይ በቅናት እቃጠላለሁ። እኔ ልጄን አንድም ቀን እንደ ሰው አዝያት አላውቅም።

በመጨረሻ ባሌ ሐኪም ቤት ወሰደኝ። ባሌ ዶሮ ለማረድ እንኳ ጎረቤት የሚጠራ ሰው ነው፤ ይህን አስቀድሜ ልናገርለት። ሐኪሙ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጣ ፈረንጅ ነበር። አስተርጓሚው እዚያው አገር ተምሮ የተመለሰ ወጣት ሲሆን፣ አንዲት ቃል ሳያዛንፍ ይተረጉማል። ጣጣውም ከዚህ መጣ።

«ወገቤን ነው» አልኩ። «ስቀመጥ ይወጋኛል፣ ጎንበስ ስል ይቆርጠኛል። ማታ ሲነሳብኝማ አያድርስ ነው፤ ሲገዘግዘኝ ያድራል።»

አማርኛ ሕመምን «እሱ» ብሎ ያልፈዋል እንጂ ማን እንደሆነ ጠይቆት አያውቅም። ፈረንጁ ግን እስክሪብቶውን አስቀመጠና አጠገቤ የተቀመጠውን ባሌን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው? ይላል» አለ አስተርጓሚው።

«ልጅቱ ከተወለደች ወዲህ።»

«አሁንም እዚህ አለ ወይ? ይላል።»

«እንዴታ፣ መቼ ተለይቶኝ ያውቃል? ይኸው አብሮኝ መጣ» አልኩ።

ሐኪሙ ብድግ ብሎ በሩን ከፈተና ባሌን ወደ ውጭ አመለከተው። ባሌ ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ባርኔጣውን ይዞ ወጣ። በሩ ሲዘጋ አስተርጓሚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሳትፈሪ ተናገሪ፤ ማነው የሚወጋሽ? ይላል» አለኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። እስኪወጋኝ ሳቅኩ።

ነገሩ ከተፈታ በኋላ በደንብ መረመረኝ። የአከርካሪ አጥንት ችግር ነው አለ። ኪኒኑ ያስታግሳል እንጂ አያድንም፤ ሲብስብኝ ደረቅ ወለል ላይ እንድተኛ፣ ልጅም እንዳላዝል አዘዘኝ።

«እስከ መቼ?» አልኩ።

ሐኪሙ መለሰ። አስተርጓሚው ግን ይህችን ብቻ ሳይተረጉም ቀረ።

ቸርችልን እያለቀስኩ ወጣሁ። «ሚስቱን የሚወጋ» ተብሎ የተባረረው ባሌ ኩርፊያውን ትቶ ክንዴን ያዘኝ።

ቤት ስንደርስ እንደታዘዝኩት ሰሌን ላይ በደረቴ ተኛሁ። ልጄ አንቀልባዋን እየጎተተች መጣች። አማቴ «ተያት እናቴ፣ አሟታል» አሏት። ቆማ አየችኝ። ከዚያ አንቀልባውን ጥላ፣ ቀሚሴን ጨምድዳ ይዛ ጀርባዬ ላይ ወጣችና ቆመች። ወገቤ ቀጭ አለ።

«ውረጂ! ልትገድያት ነው?» አሉ አማቴ።

«ይተዋት እማማ፣ ትርገጠው።»

ወዲያ ወዲህ እያለች ረገጠችልኝ። ዳንኩ አልልም፤ ዛሬም ይወጋኛል። ግን ወጌሻውም ኪኒኑም ያልደረሱበትን ቦታ ያቺ ትንሽ ተረከዝ አገኘችው። ሲደክማት ሆዷን ጀርባዬ ላይ ለጥፋ፣ አንገቴን አቅፋ ተኛች። አማቴ ጥቂት ቆመው አዩን። ከዚያ ጎንበስ ብለው አንቀልባውን አነሱና ከላያችን አለበሱን።